የፋሲካ ድስት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጣችሁ፦ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች የዋዜማ ሥራ መመሪያ

በ2017 ዓ.ም. የሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ ስንመለስ እማዬ ጣቴ ላይ የጠመጠምሁትን የዘንባባ ቀለበት እያየች «ዘንድሮ ድስቱ ያንቺ ነው» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ገብቶኛል፤ በቤታችን «ድስቱ» ከተባለ የፋሲካ ዶሮ ወጥ ነው። ያኔ 16 ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ዕለት ድረስ የበዓል ሥራዬ ሽንኩርት መላጥ፣ ብርጭቆ ማጠብና «ከእሳቱ ዞር በይ» መባል ነበር።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12፣ የ2018ቱ ደግሞ ሚያዝያ 4 ቀን ዋለ። የሁለቱንም ወጥ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ጥቂት አሯል፤ ሁለተኛውን አያታችን ምንም ሳይናገሩ ደግመው አስጨለፉት። ሁለት ድስት ሠርቶ ሊቅ መሆን የለም። ነገር ግን እናቶቻችን እጃቸው ስለለመደ ሲናገሩ የሚዘልሏቸው ነገሮች አሉ፤ «ሽንኩርቱን ታቁላያለሽ፣ ከዚያ በርበሬውን ትጨምሪያለሽ» ብለው ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን ሥራ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱታል። እኔ ገና አልለመድሁምና አልዘልላቸውም። የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ቤት የምናደርገውን ነው። የእናንተ ቤት በአንዳንድ ነገር ይለይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እናታችሁን እንጂ እኔን አትስሙ።

መጀመሪያ፣ ቀኑን ይዞ ወደ ኋላ መቁጠር

ፋሲካ እንደ ገና በአንድ ቀን አይረጋም። በባሕረ ሐሳብ ቀመር ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። የ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። ቀኑን ከያዛችሁ በኋላ ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሊያልቁ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ በርበሬ፣ ቅቤ እና መከለሻ።

በርበሬው ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ካለ እሰየው። ከሌለ ከሚያውቁት ሰው ይገዛ፤ የማታውቁትን በርበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በበዓል ድስት ላይ መሞከር ቁማር ነው። አስቀድማችሁ በትንሽ ሽሮ ወይም በምስር ወጥ ፈትኑት። ጾሙ 55 ቀን ነውና የምትፈትኑበት ቀን አታጡም።

ቅቤ ማንጠሩን ከሰሙነ ሕማማት በፊት ጨርሱ። ምክንያቱ ሃይማኖታዊ ብቻ አይደለም፤ በሕማማት ሳምንት የቅቤ ሽታ ቤቱን ሲሞላው ጾመኛውን ሁሉ ታሠቃያላችሁ። ቅቤውን በዝግታ እሳት አቅልጡ፤ የተፈጨ ኮረሪማ፣ ጥቂት አብሽና ኮሰረት ጨምሩ፤ አረፋው ከላይ ተሰብስቦ ሲሰክንና ከሥር ያለው ጠርቶ ወርቅ ሲመስል አውርዱ። ጥቂት አቆይታችሁ አጥሉት። አንድ ጊዜ የጠራ ቅቤ ሁለተኛ እሳት ላይ አይቆይ፣ ይመራል። መከለሻውን ግን እኔ አላዘጋጅም፤ እማዬ ኮረሪማውን፣ ቁንዶ በርበሬውንና ጥምዙን መጥና ታስፈጨዋለች፤ መጠኑንም እስካሁን አልነገረችኝም። «ስታገቢ» ትለኛለች። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «እኔስ?» ይላታል።

ታላቅ ወንድሜን ካነሣሁ አይቀር፣ ሥራውን ለቤቱ ሰው ሁሉ አስቀድማችሁ አከፋፍሉ። በአንዳንድ ቤት ወንዶቹ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ዋዜማውን በሽታ ብቻ ይካፈሉታል። በእኛ ቤት ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፤ ዶሮ ይነጫል፣ ቄጠማ ይገዛል፣ ከሰል ያቀጣጥላል፤ ሽንኩርትም ይከትፋል። መጀመሪያ አጉረመረመ። አሁን ሽንኩርት ስነካ «አካሄድሽ ልክ አይደለም» ብሎ ቢላዋውን የሚቀማኝ እሱ ነው።

የሕማማት ሳምንት

ከሰኞ እስከ ረቡዕ ምንም አትጀምሩ። ስግደት አለ፤ ቤቱም ዝም ይላል፤ በዚህ ሳምንት መስቀል እንኳ አንሳለምም። ቤት ማጽዳት ካለባችሁ መጋረጃና ምንጣፍ ማጠቡን ወደ ቀደመው ሳምንት ግፉት።

ሐሙስ የጉልባን ቀን ነው። ረቡዕ ማታ ስንዴውንና የባቄላውን ክክ ለየብቻ ዘፍዝፉ። ጠዋት ስንዴውን አስቀድማችሁ ጣዱ፤ ከክኩ ይልቅ ጊዜ ይፈልጋል። ሲለሰልስ ክኩን ጨምሩ፣ ጨው አድርጉ፣ ውኃው እስኪመጠጥ ቀቅሉት። ከዚህ በላይ ምስጢር የለውም። ቤተ ክርስቲያን ከእግር ማጠቡ ሥርዓት ሲመለሱ የሚቀመስ ስለሆነ ብዙ አታብዙት፤ እኛ በ2017 ያተረፍነውን ጉልባን የጎረቤት በጎች ናቸው የጨረሱት።

ዓርብ ስቅለት ነው። የሚሰግድ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ይውላል። ከሰዓት በኋላ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባችሁን መታ መታ አድርገው የሚሰጧችሁን ስግደት ሳትሰግዱ አትውጡ። ጉልበታችሁ እንደሚዝል ዕወቁና ለማታ ከባድ ሥራ አትመድቡ። ለዓርብ ማታ የምንተወው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽንኩርት።

ዶሮ መምረጥ

ዶሮ የሚገዛው ሐሙስ ወይም ዓርብ ጠዋት ቢሆን እመርጣለሁ። ቅዳሜ ገበያው ይጨናነቃል፣ ዋጋውም ይወጣል። እኛ ሾላ ገበያ እንሄዳለን። ከአባዬ ጋር ነው የምሄደው፤ እሱ ይከራከራል፣ እኔ ዶሮውን አያለሁ።

የምታዩት ይህን ነው። ዓይኑ የነቃ፣ ኩክኒው ቀይ ይሁን፤ የገረጣ ኩክኒ የታመመ ወይም የደከመ ዶሮ ምልክት ነው። በሁለት እጃችሁ አንሡትና በአውራ ጣታችሁ ደረቱን ዳብሱ። የደረቱ አጥንት እንደ ቢላዋ ስለት ከተሰማችሁ ሥጋ የለውም፤ ላባው ነው ያወፈረው። ከዚያ ጉሮሮው ሥር እህል የሚጠራቀምበትን ከረጢት ንኩ። ድንጋይ የመሰለ እብጠት ካገኛችሁ ነጋዴው ወደ ገበያ ሊያመጣው ሲል እህልና ውኃ ሞልቶበታል ማለት ነው፤ ያ ክብደት ለወጥ አይሆንም። እግሩ ላይ ያለው ጥፍር ረዝሞ ከጠነከረ አውራ ዶሮው አርጅቷል። ያረጀ ዶሮ መጥፎ አይደለም፣ መረቁ እንዲያውም ይጥማል፤ ግን እሳት ላይ አንድ ሰዓት ተጨማሪ ቁጠሩለት። ቀይ ይሁን ገብስማ በሚለው እኔ አልከራከርም፤ አያታችን ግን ቀይ ካልሆነ ፊታቸው አይፈታም፤ ስለዚህ ቀይ እንገዛለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከልምድ፦ ዶሮው ግቢ ውስጥ የሚያድር ከሆነ ለትንንሽ ልጆች ስም እንዳያወጡለት ንገሯቸው። የመጨረሻው ወንድማችን በ2017 «አለቃ» ብሎ ጠራው፤ ሁለት ቀን ጥሬ አበላው፤ ቅዳሜ የሆነውን መገመት ትችላላችሁ። በ2018 ዶሮው ቅዳሜ ማለዳ በጓሮ በር ገባ፤ ልጁም አላየም።

ሽንኩርቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዶሮ ወጥ የሚባለው በዶሮው ነው እንጂ ወጥ የሚያደርገው ሽንኩርቱ ነው። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት እንጠቀማለን። ሁለት ዶሮ ከሆነ አምስት ኪሎ። ብዙ ይመስላል፤ ድስቱ ውስጥ ገብቶ ከሰዓታት በኋላ ስታዩት የት እንደደረሰ ይጠፋችኋል።

ከትፉት እንጂ አትፍጩት። ማሽን የፈጨው ሽንኩርት ውኃውን በአንድ ጊዜ ይለቅና ይቀቀላል፤ አይቁላላም፤ ሽታውም ጥሬ እንደሆነ ይቀራል። በቢላዋ የተከተፈው ግን ቀስ ብሎ ይሟሟል። እንባውን ለመቀነስ የተላጠውን ሽንኩርት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቆዩት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሥሩ ያለበትን ጫፍ መጨረሻ ላይ ቁረጡ። በእኛ ቤት ዓርብ ማታ አራት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ አባዬ ከልጅነቱ የፋሲካ ትዝታ እያነሣ ያወራል፤ በዚያ ሁሉ እንባ መካከል የሚያስለቅሰው ሽንኩርቱ ይሁን ወሬው አይለይም። እኔ ለራሴ ከበዓሉ ዕለት ይልቅ ይህን ማታ ነው የምናፍቀው። የተከተፈውን ሸፍናችሁ አሳድሩት።

ቅዳሜ ማለዳ፦ ዶሮውን ማሰናዳት

ባራኪው አባት ወይም ሌላ ክርስቲያን ወንድ ነው፤ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብሎ ይባርካል። ከዚያ ወንድሜ ይረከባል። ውኃው ከመፍላቱ ጥቂት ሲቀረው ዶሮውን ይነክረዋል። የሚንተከተክ ውኃ ቆዳውን ይቀቅለውና ላባው ከነቆዳው ይላጣል። ነጭቶ ሲጨርስ የቀረችውን ጭገር በእሳት ይለበልባል።

ብልት ማውጣቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችሁን አትሞክሩ። ዶሮ 12 ብልት ነው፤ እያንዳንዱ በመገጣጠሚያው ይለያል፤ አጥንት አይሰበርም። እማዬ እጄን ይዛ ቢላዋው «የሚገባበትን» ቦታ አሳይታኛለች። ትክክለኛውን መገጣጠሚያ ስታገኙት ቢላዋው ያለ ኃይል ይንሸራተታል፤ እየገፋችሁ ከሆነ ስታችኋል። በቤታችን ፈረሰኛው የአባዬ ነው፤ የቀረው ብልት እንደ እንግዳው ይታደላል።

ከዚያ እጥበት። ቆዳው ይገፈፋል፣ ስቡ ይለቀማል፤ ሥጋው ላይ በቢላዋ ጫፍ መስመር መስመር ይደረግበታል፤ ቅመሙ የሚገባው በዚያ ነው። ጨውና ሎሚ ባለበት ውኃ እሹት፣ አፍስሱ፣ ድገሙ። ስንት ጊዜ ብትሉኝ፣ ውኃው ሥሩ ያለውን የጎድጓዳ ሳህን አበባ እስኪያሳይ ድረስ። እኔ ስምንት ጊዜ ቆጥሬ አቆምሁ። በመጨረሻ ሎሚ ባለበት ቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፋችሁ ተዉት።

ቁሌቱ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጣዱ። ሰፊና ወፍራም ብረት ድስት ይሁን። ሽንኩርቱን ያለ ዘይትና ያለ ውኃ አስገቡና መካከለኛ እሳት ላይ አማስሉ። መጀመሪያ ውኃውን ይለቃል፤ አትደንግጡ። ውኃው እየመጠጠ ሲሄድ ድምፁ ይለወጣል፤ ከመንተክተክ ወደ መንሿሿት። ከዚህ በኋላ ከድስቱ መራቅ የለም። ጠርዙ ላይ የሚይዘውን በማማሰያው እየፋቃችሁ መልሱት፤ መያዝ ሲጀምር አንድ ሁለት ጠብታ የሞቀ ውኃ ጠብ አድርጉ።

በ2017 ያረረብኝ እዚህ ላይ ነው። ስልኬ ጠራ፤ ጓደኛዬ ነበረች፤ «አንድ ደቂቃ» አልኋት። አንድ ደቂቃ አልነበረም። ስመለስ ከሥር የጠቆረ ነገር ይታየኛል። ደንግጬ ልፍቀው ስል አያታችን ከበሩ ላይ «አትንኪው!» አሉኝ። ከሥር የያዘውን ከፋቃችሁት መራራው በሙሉ ድስቱ ይገባል። ከላይ ያለውን ያልነካውን ብቻ ወደ ሌላ ድስት ገልብጣችሁ፣ የያዘውን ድስት ተዉት። ወጡ በዚያ ተረፈ። ጥቂት የጭስ ጠረን ቀርቶበት ነበር፤ አባዬ ግን «የገጠር ወጥ ይመስላል» ብሎ በላ። ስልካችሁን ለወንድማችሁ ስጡት።

ሽንኩርቱ ወርቅማ ቡኒ ሆኖ ቅርጹ ሲጠፋ አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ዘይት ጨምሩ። ጥቂት ሲቆይ እሳቱን ቀንሱና በርበሬውን አስገቡ፤ ለአንድ ዶሮ ሩብ ኪሎ ገደማ፤ የሚያቃጥል ከሆነ ቀንሱ። በርበሬ ከሽንኩርት ይበልጥ ፈጥኖ ያራል፤ ስለዚህ ትንሽ ውኃ ጠብ ማድረግ፣ ማማሰል፣ እንደገና ጠብ ማድረግ። ቢያንስ አንድ ሰዓት። ጥሬ በርበሬ ሲሸተት አፍንጫ ይኮረኩራል፤ የበሰለው አይኮረኩርም። ቀለሙም ከደማቅ ቀይ ወደ ጥቁር ቀይ ይሄዳል፤ ዘይቱን ወደ ዳር ሲተፋ ቁሌቱ ደረሰ ማለት ነው።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የተወቀጠውን ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ከዚያም ከነጠረው ቅቤ ሩብ ኪሎ ያህሉን አስገቡ። ሌላ ግማሽ ሰዓት። የዶሮውን ብልቶች ውኃውን አጥልላችሁ በተራ ጨምሩ፤ መጀመሪያ እግርና ጭን፣ ፈረሰኛውን መጨረሻ። ሥጋው ራሱ ውኃ ይለቃል፤ የሞቀ ውኃ የምትጨምሩት መረቁ ሲያጥራችሁ ብቻ ነው። የሐበሻ ዶሮ ከአንድ ሰዓት በታች አይለሰልስም። መከለሻውንና ተቀቅሎ የተላጠውን፣ በቢላዋ ጫር ጫር የተደረገውን እንቁላል ሊወርድ ሲል ጨምሩ። እንቁላል በነፍስ ወከፍ ቆጥራችሁ ሦስት ጨምሩበት፤ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ሁልጊዜ አለ።

ሳይቀምሱ ጨው ማወቅ

እዚህ ላይ ማንም መመሪያ የማይነግራችሁ ችግር ይመጣል። ጾመኛ ናችሁ። የምትሠሩት ወጥ የፍስክ ነው። መቅመስ አይቻልም!

እናቶቻችን በሽታ ያውቁታል፤ እማዬ ክዳኑን ከፍታ እንፋሎቱን በእጇ ወደ ፊቷ ትስበውና «ጨው ያንሰዋል» ትላለች። እኔ ሞክሬአለሁ፤ የሸተተኝ ዶሮ ወጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ዘዴ እነግራችኋለሁ። አንደኛው፣ ጨውን በመጠን ማስገባት ነው። እማዬ ቀድሞ በእጇ የምትዘግነውን ጨው አንድ ቀን በማንኪያ እንድትሰፍርልኝ ለምኜ ጻፍሁት፤ በእኛ ድስት ለአንድ ዶሮ ሦስት የሻይ ማንኪያ ሆነ። እናንተም የእናታችሁን እጅ ስፈሩት። ግማሹን ቁሌቱ ላይ፣ ግማሹን ዶሮው ከገባ በኋላ ጨምሩ።

ሁለተኛው ዘዴ ቀማሽ መሾም ነው። የመጨረሻው ወንድማችን ስድስት ዓመቱ ነው፤ ገና መጾም አልጀመረም። ትንሽ እንጀራ መረቁ ላይ ነክሬ እሰጠዋለሁ። ችግሩ ሹመቱ ያኮራዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ያስብና «አልታወቀኝም፣ ጨምሪልኝ» ይላል። ከሦስተኛው ቅምሻ በኋላ ያለውን ፍርድ አትመኑ።

ቄጠማው፣ ዳቦውና እንቅልፉ

ቅዳሜ ቀዳም ሥዑር ነው። ጠዋት ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ለምለም ቄጠማ ያድላሉ፤ ለኖኅ በርግቧ አፍ የመጣውን የምሥራች ቅጠል ያስታውሳል። ግንባራችን ላይ አስረነው እንውላለን። ወጥ የምታማስሉ ከሆነ ጫፉ እሳቱ ላይ እንዳይንጠለጠል ወደ ኋላ ቋጥሩት። ወለል ላይ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ሌላ ነው፤ እሱን ቤተ ክርስቲያን ልትሄዱ ስትሉ ጎዝጉዙት። በጠዋት ከጎዘጎዛችሁት ሌሊት ስትመለሱ ገለባ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ድፎ ዳቦውን እማዬ ለማንም አትሰጥም። እኔ ኮባውን አጥቤ በእሳት ለብ ለብ አድርጌ ማለስለስ ተፈቅዶልኛል፤ ለ2019 ሊጡን እጠይቃለሁ።

ወጡ ሲወርድ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ክደኑት፣ ከልጆችና ከድመት አርቁት፣ ገላችሁን ታጠቡና ተኙ። ቀልድ አይደለም፤ ያልተኛ ሰው ሌሊት ቆሞ ያንቀላፋል። ሦስት ሰዓት እንኳ ይበቃል።

ሌሊቱ

የምንሄደው የካ ሚካኤል ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቦታ ይጠባል፤ አያት ካለ ቀድማችሁ ሂዱና ግድግዳ ጥግ ያዙላቸው። ወፍራም ካልሲ ከጫማችሁ ውስጥ አድርጉ፤ ጫማ አውልቃችሁ የምትቆሙበት ወለል በሌሊት ይበርዳል። ጫማውን በፌስታል ይዛችሁ ግቡ፤ ደጃፍ የተተወ ጫማ በሺህ ሰው መካከል ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ገድል ነው።

ጧፍ ሲበራ ከፊታችሁ የቆሙትን ሴት ነጠላ ተመልከቱ። ጧፉን በክንዳችሁ ልክ ወደ ላይ እንጂ ወደ ፊት አትያዙ። አንድ ዓመት የአንዲት እናት ጥለት ጫፍ በእኔ ጧፍ ተለበለበ፤ እሳቸው «የትንሣኤው ብርሃን ነው ልጄ» ብለው ሳቁ፤ እኔ ግን እስከ ቅዳሴው መጨረሻ ቀና አላልሁም።

ከዚያ ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲሉ ሕዝቡ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ይላል። «አሠሮ ለሰይጣን፣ አግአዞ ለአዳም፣ ሰላም፣ እምይእዜሰ፣ ኮነ፣ ፍሥሐ ወሰላም።» ቃሉን የማታውቁ ከሆነ በሳምንቱ አጥኑት፤ ከዚያ በኋላ እስከ በዓለ ሃምሳ ፍጻሜ የምትሰሙት ነው።

መፈሰክ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቤት እንደርሳለን። ወጡን በዝግታ እሳት አሙቁ፤ በትልቅ እሳት ካሞቃችሁት የቀኑ ድካም በአሥር ደቂቃ ይይዛል። እስኪሞቅ ድረስ ለሁሉም ተልባ በብርጭቆ አድሉ። 55 ቀን ቅባት ያልነካው ሆድ በቀጥታ ቅቤና በርበሬ ሲደርስበት ይቆጣል፤ ተልባው ያለሰልሰዋል። በ2017 ወንድሜ «ተልባ የሽማግሌ ነው» ብሎ ዘለለው፤ እሑድን ያሳለፈው ተኝቶ ነው።

መሶቡ ይቀርባል፣ አባዬ ይጸልያል፣ ዳቦውን ይቆርሳል። ወጡን የምታወጡት እናንተ ናችሁ። ከአያት ጀምሩ። ለእያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ መረቅ፣ ከዚያ ሥጋ፣ ከዚያ እንቁላል። ትንሽ ትንሽ አውጡ፤ በዚያ ሰዓት ሁሉም ዓይኑ ይርበዋል እንጂ ሆዱ አይችልም። ለራሳችሁ አታውጡ። ጠብቁ። የድስቱ ባለቤት የመጀመሪያዋን ጉርሻ ከሌላ ሰው እጅ ነው የምትቀበለው፤ በእኛ ቤት ከእማዬ።

እሑድ ጠዋት የሰፈሩ ቅርጫ አለ። ልጅ የሚያስፈልግበት አንድ ቦታ ብቻ ነው። መደቡ እኩል እኩል ከተደለደለ በኋላ እያንዳንዱ አባወራ ምልክት ይሰጣል፤ ቁልፍ፣ ክብሪት፣ ጠጠር። ምልክቱ የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ከተጠራችሁ ዓይናችሁን ወደ አባታችሁ አታዙሩ፤ ሁሉም እያያችሁ ነው። ከዚያ ጎረቤት ይጠራል። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከሥጋው አናቀርብም፤ ዳቦ፣ ፈንዲሻ፣ ቡናና እማዬ ለልጆች የምትበጠብጠው ብርዝ አለ። ለክርስትና እናታችሁ ዳቦ ይዛችሁ መሄዱን ለሰኞ ተዉት፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የትም የሚያደርስ ጉልበት አይኖራችሁም።

አንድ የረሳሁት ነገር፤ ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ የምትደውሉበትን ሰዓት አስቡ። አክስታችን ዋሽንግተን ዲሲ ነው ያለችው። በመጀመሪያው ዓመት ወጤን ላሳያት ቸኩዬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቪዲዮ ደወልሁላት፤ ስልኩን ድስቱ አፍ ላይ አስጠግቼ ክዳኑን ከፈትሁ። እዚያ ገና የቅዳሜ ምሽት ነው፤ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ጥቂት ዝም ብላ አየችው፣ ምራቋን ዋጠች፣ ከዚያ ጮኸች፦ «ክደኝው! ክደኝው ብዬሻለሁ!» እማዬ ከጀርባዬ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። በሚቀጥለው ዓመት እሑድ ጠዋት አራት ሰዓት ድረስ ጠብቄ ደወልሁላት። እንቁላል ጎርሳ ነው ያነሣችው፤ መልስ መስጠት አልቻለችም፤ እጇን ብቻ አወዛወዘችልኝ።